በሐዋሳ የህንድ ቋንቋዎች የንባብ ምሽት ለማዘጋጀት

የንባብ ክበባችሁ «የህንድ ሥነ ጽሑፍ ምሽት» ሊያዘጋጅ ካሰበ፣ በቅድሚያ አንድ ቋንቋ ይምረጥ። የህንድ ሕገ መንግሥት 22 ቋንቋዎችን በሠንጠረዥ የመዘገበ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው ብሔራዊው የሥነ ጽሑፍ ተቋም፣ ሳሂትያ አካዳሚ፣ ዓመታዊ ሽልማቱን በ24 ቋንቋዎች ይሰጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ለመሸፈን የሚሞክር ክበብ የስም ዝርዝር ብቻ ይዞ ይወጣል። ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛና አማርኛ በአንድ ሰፈር በሚሰሙባት ሐዋሳ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም።

ለመጀመሪያው ምሽት የምመክረው በደቡብ ህንድ የሚነገረውን ታሚልኛን ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሚጀምሩት፣ «ሳንጋም» የተባሉት ጥንታዊ የታሚልኛ ግጥሞች በሁለት ይከፈላሉ፤ «ፑራም» የጦርነትንና የነገሥታትን፣ «አካም» ደግሞ የፍቅርንና የውስጥን ነገር ይይዛል። በአካም ግጥም የፍቅረኞቹ ስም አይጠራም፤ ስሜታቸውን የሚገልጠው መልክዓ ምድሩ ነው። ተራራ የመገናኘት፣ ጫካ በትዕግሥት የመጠበቅ፣ የእርሻ ማሳ የኩርፊያ፣ የባሕር ዳርቻ የናፍቆት፣ ደረቅ ምድር የመለያየት ስፍራ ነው። የተራራው ስፍራ «ኩሪንጂ» የተባለው በ12 ዓመት አንድ ጊዜ በሚያብብ አበባ ስም ነው። ሰምና ወርቅ ሲፈታ ያደገ አንባቢ ይህን ሥርዓት ፈጥኖ ይላመደዋል፤ ሆኖም እዚህ ወርቁ የሚገኘው ከቃል ኅብርነት ሳይሆን ከቦታው እንደሆነ አዘጋጁ አስቀድሞ ሊያስረዳ ይገባል።

ስለዚህ ከተቻለ ንባቡን ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ፀሐይ ከመጥለቋ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ጀምሩት። «ኩሩንቶካይ» ከተባለው መድበል ሁለት ግጥሞች ይበቃሉ፤ አብዛኞቹ ከ4 እስከ 8 ስንኝ ስለሆኑ፣ አንድ ትጉህ አባል ከእንግሊዝኛው ትርጉም ወደ አማርኛ ሊመልሳቸው ይችላል። እያንዳንዱ ግጥም ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ከዚያም ተናጋሪው ማን እንደሆነና ለማን እንደሚናገር ጠይቁ፤ አፍቃሪዋ ራሷ፣ ጓደኛዋ፣ እናቷ ወይም ወንዱ ሊሆን ስለሚችል፣ መልሱ የግጥሙን ትርጉም ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል። ቀጥሎ ተሳታፊዎች ለታቦር ተራራና ለሐይቁ የትኛውን ስሜት እንደሚሰጡ ይናገሩ፤ በሲዳሙ አፎ ወይም በወላይትኛ የሚያውቁት የፍቅር ግጥም ካለም በመጀመሪያ በዚያው ቋንቋ ይሰማ፣ ትርጉሙም ይከተል።

ሁለተኛው ምሽት በደቡብ ህንዷ የካርናታካ ግዛት ለሚነገረው የካንናዳ (Kannada) ቋንቋ ይሁን፤ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔዎች ባሳቫና እና አካ ማሃዴቪ «ቫቻና» የተባሉትን አጫጭር መንፈሳዊ ቃሎቻቸውን ያሰሙት በሕዝቡ የዕለት ንግግር ነበር፤ በዚሁ ቋንቋ የምትጽፈው ባኑ ሙሽታክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉን የቡከር ሽልማት አግኝታለች።

የማላያላም ተራ ሲደርስ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ህንዳውያን መምህራን ያስተማሯቸውን ታላላቆቻችንን ጋብዙ። ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ ከደቡብ ህንዷ የኬረላ ግዛት የመጡ፣ ቤታቸው ሲገቡ ማላያላም የሚናገሩ ነበሩ፤ እኛ ግን «ህንዱ አስተማሪ» ከማለት አልፈን በምን ቋንቋ እንደሚያነቡ ሳንጠይቃቸው ሸኘናቸው።