ክፍልፋይን ለ60 ተማሪ ማስተማር፦ ከተሳሳተው መልስ የሚነሣ የ40 ደቂቃ ዕቅድ

ከዕለታዊ ዕቅዳችሁ ላይ «የተማሪው ተግባር» የሚለውን ዓምድ ብቻ አንብቡ። «ያዳምጣሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ» የሚል ከሆነ ክፍሉ ገና ሳይጋመስ ማዛጋት ይጀምራል። በማኒላ ወረቀት የተሠራ ባለቀለም ሥዕልም አያድነውም፤ በሥዕሉ የተደሰተው ሲሠራው ያመሸው መምህር ነው። ተማሪ የሚነቃው የሚከራከርበት ነገር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ መርጃ መሣሪያ ከመፈለጋችሁ በፊት «ልጆቹ እዚህ ላይ የት ይሳሳታሉ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ክፍልፋይ ማወዳደርን እንውሰድ። ልጁ 4 ከ3 እንደሚበልጥ ሲማር ነው የኖረው፤ ስለዚህ 1/4 ከ1/3 ይበልጣል ይላል። ስንፍና አይደለም፤ የለመደውን ሕግ በማይሠራበት ቦታ ተጠቅሞበት ነው። «ታህቱ (ከታች ያለው ቁጥር) ሲበዛ ክፍልፋዩ ያንሳል» ብላችሁ ብታስጽፉት ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል።

በዋዜማው

3 ልጅ በሚቀመጥበት ዴስክ 60 ተማሪ 20 ዴስክ ይይዛል። ለየዴስኩ አንድ የደብተር ገጽ ይበቃል። ከአንዱ ገጽ ርዝመታቸው 12፣ ስፋታቸው 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ 5 ቁራጮች ይወጣሉ፤ በድምሩ 100 ማለት ነው። አምስት አምስት ገጽ ደርባችሁ በመቀስ ቁረጡ። ይህን ለክፍል ጊዜ ከተዋችሁት 15 ደቂቃ ይበላል፣ ቁራጮቹም እኩል አይወጡም፤ እኩል ካልሆኑ ደግሞ ማወዳደሩ ራሱ ሐሰት ይሆናል።

12 የተመረጠው ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር ብትሠሩት አንድ ሦስተኛው 3.33 ይሆንና ልጆቹ ማስመሪያው ላይ ተደናግረው ይቀራሉ። «አጥፋችሁ አካፍሉ» ማለትም ለ2 እና ለ4 ይሠራል፤ ለ3 ማጠፍ ግን ሁልጊዜ ይዛነፋል። በማስመሪያ ይለካ። ማስመሪያ ለየዴስኩ ካልደረሰ፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጋችሁ አዘጋጁ።

ከ1 እስከ 60 ቁጥር የተጻፈባቸው ቆርኪዎችም በፌስታል ያዙ። ቁጥሩ የልጁ የስም መጥሪያ ቁጥር ነው።

በክፍል ውስጥ

የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ለድምፅ መስጫ ናቸው። ሰሌዳው ላይ «1/3 ወይስ 1/4፣ የቱ ይበልጣል?» ብላችሁ ጻፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው እጅ ያውጡ፤ ካልጨፈኑ ሁሉም የጎበዙን ልጅ እጅ እያየ ያወጣል። ውጤቱን ሰሌዳው ላይ መዝግቡ፤ ትክክለኛውን መልስ አትናገሩ፣ ፊታችሁም እንዳይናገር ተጠንቀቁ። ብዙ መምህራን እዚህ ላይ በዳቦ ወይም በብርቱካን ይጀምራሉ። ዳቦ ለ3 እና ለ4 ሲቆረስ የቱ ቁራሽ እንደሚተልቅ ማንም ልጅ ያውቃል፤ ስሕተቱም ሳይወጣ ተደብቆ ይቀራል። በምልክት ጀምሩ፣ ዳቦው ይቆይ።

ቀጣዮቹ 4 ደቂቃዎች ለትእዛዝና ለዕደላ ናቸው። ትእዛዙ ይቀድማል፤ ወረቀት እጁ የገባ ልጅ አይሰማችሁም። አንዱ ቁራጭ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 ይሰመራሉ። አንዱ ልጅ ይለካል፣ አንዱ ያሰምራል፣ አንዱ በየክፍሉ ላይ 1/2፣ 1/3 እያለ ይጽፋል፤ ቁራጭ በተቀየረ ቁጥር ሥራውም ይዞራል። ይህ ካልተባለ አንዱ ሁሉንም ይሠራል፣ ሁለቱ ያዩታል።

ሥራው 12 ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ከኋላ ጥግ ካሉት ዴስኮች ጀምራችሁ ዙሩ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ቢል ልጆቹ የሚሉትን ያዳምጥ።

ከዚያ 10 ደቂቃ ክርክር። ጥያቄውን ደግማችሁ ጠይቁ፣ ለ1 ደቂቃ ከጎረቤታቸው ጋር ይነጋገሩ፣ ከዚያ ቆርኪ አውጡ። ቁጥሩ የወጣለት ልጅ ወረቀቱን ይዞ ያስረዳል። ዝም ቢል በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ እንጂ ወዲያው ወደ ሌላ አትለፉ። አብዛኛው ክፍል 1/3 ላይ ሲስማማ ነገሩን አናውጡት፦ ሰሌዳው ላይ 120 ሳንቲ ሜትር እና 200 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት መስመሮች አስምሩ፤ የመጀመሪያውን ለ3፣ ሁለተኛውን ለ4 ክፈሉ። አንዱ 40፣ ሌላው 50 ይሆናል። «ታዲያ 1/4 በለጠ ማለት ነው?» ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። የምትጠብቁት ቃል «መስመሮቹ እኩል አይደሉም» የሚለው ነው፤ ከልጅ አፍ እስኪወጣ ታገሡ። ሩብ ኪሎ በርበሬና ግማሽ ኪሎ የምታነሡት አሁን ነው። በገጠር ደግሞ ሲሶና (አንድ ሦስተኛ) እርቦን (አንድ አራተኛ) ጠይቁ፤ ከምርቱ ሲሶ የሚወስድና እርቦ የሚወስድ እኩል እንዳልሆኑ ብዙ ልጅ ከቤቱ ያውቃል።

6 ደቂቃ በየግል፦ ከመጽሐፉ 3 ጥያቄ ብቻ። የመጨረሻዎቹ 3 ደቂቃዎች ለመውጫ ቁራጭ ወረቀት (እያንዳንዱ ልጅ መልሱን ጽፎ ሲወጣ የሚሰጣችሁ)፦ «1/6 ወይስ 1/4? በሥዕል አሳዩ።»

ከክፍል በኋላ

ወረቀቶቹን አታርሙ፤ በሦስት ክምር ለዩ፦ በሥዕል አስረድቶ ያገኘ፣ ያለ ምክንያት ያገኘ፣ የሳተ። መካከለኛው ክምር አያዘናጋችሁ፤ ግማሹ ግምት ሊሆን ይችላል።

በሌላ ትምህርትም መነሻው ያው ነው። በሳይንስ «ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል» የሚለውን ለመነካካት ከአንድ ደብተር የተቀደዱ ሁለት ገጾች ይበቃሉ፤ አንዱን ጨምድዳችሁ ሁለቱን እኩል ልቀቁ። በአማርኛ አንቀጽ ስታስተምሩ ዓረፍተ ነገሮቹን ቆራርጣችሁ አዘበራርቁና ይደርድሩ፤ ከአንድ በላይ የሚያስኬድ አደራደር ያለውን አንቀጽ ምረጡ፣ አለበለዚያ የሚያከራክር ነገር የለም።

የተሰመሩትን ቁራጮች በየዴስኩ በፖስታ ሰብስቡ። የሳቱት ከ20 በላይ ከሆኑ የማግስቱን መግቢያ በ1/2 እና 1/6 ጀምሩ። ካነሱ እነዚያኑ ቁራጮች መልሳችሁ አድሉና 2/3ን ከ3/4 ጋር ያወዳድሩ፤ 8 እና 9 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆኑ በዓይን ግምት መለየቱ ሊያስቸግር ይችላል፣ መለካት ግድ ይላል።