ሬቲና ተላቆ ኦፕራሲዮን ለሚደረግ የጎጃም ሰው፣ ሲሄድም ሲመለስም

ዓይናችሁ ውስጥ ድንገት እንደ መብረቅ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ወይ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ከበዛ፣ ወይ ከጎን መጋረጃ የወረደ የሚመስል ጥላ ከመጣ ሞራ ነው ብላችሁ የሞራ ገፈፋ ዘመቻ እስኪመጣ እንዳትጠብቁ። ሞራ ቀስ እያለ በወራትና በዓመታት ነው የሚጋርደው፣ የሬቲና መላቀቅ ግን በቀናት አንዳንዴም በሰዓታት ነው፣ ደሞ አያምም፣ ሰውን የሚያዘናጋውም እሱ ነው። አባቴ ስላላመመው አዝመራው ይግባ ብሎ ሁለት ሳምንት ቆየ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሬቲና ከዓይን ኋላ የተለጠፈ ስስ ሽፋን ነው፣ ሲቀደድ በቀዳዳው ፈሳሽ ይገባና ከግድግዳው ያላቅቀዋል። መሀሉ፣ ማለትም ፊት የምንለይበትና የምናነብበት ቦታ ሳይላቀቅ ከተደረሰ እይታው የመትረፍ ዕድሉ በጣም የተሻለ ነው። ወፍራም የርቀት መነጽር የምታደርጉ፣ ሞራ የተገፈፋችሁ፣ ዓይናችሁን ጅራፍ ወይ የእንጨት ፍንጣሪ የመታችሁ በተለይ ተጠንቀቁ።

ማርቆስም ሁኑ ፍኖተ ሰላም ቅርብ ያለ የዓይን ክፍል ሂዱና ብሌኑን በጠብታ አስፍታችሁ እዩልኝ በሉ፣ ሳይሰፋ ዳር ዳሩ በደንብ አይታይም። ቀዳዳ ብቻ ከሆነ በሌዘር ወይ በማቀዝቀዝ ዙሪያውን ይዘጉታል። ከተላቀቀ ግን ሪፈር ነው፣ ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ፣ ምኒልክ ሆስፒታል የሬቲና ሐኪሞች አሉ፣ ወረቀቱን በያዛችሁበት ቀን ተነሱ።

ኦፕራሲዮኑ እንደ ጉዳቱ ይለያያል፣ አንዳንዱ ላይ ከውጭ በኩል የሲሊኮን ቀበቶ ይሰፉና ግድግዳውን ወደ ሬቲናው ይገፉታል፣ አንዳንዱ ላይ ዓይን ውስጥ ያለውን ጄሊ አውጥተው ጋዝ ወይ የሲሊኮን ዘይት ይሞላሉ፣ ሬቲናውን ደግፎ እንዲይዘው ማለት ነው። ጋዙ እንደ ዓይነቱ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ገደማ ራሱ ይጠፋል፣ ዘይቱ ግን ከወራት በኋላ በሌላ ኦፕራሲዮን ይወጣል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የገባው ጋዝ ነው ወይስ ዘይት ብላችሁ ጠይቁ፣ በወረቀትም አጽፉ።

ለኛ አገር ሰው ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ጋዝ ከፍታ ሲጨምር ይለጠጣል፣ ዓይን ውስጥ ሲለጠጥ ደሞ ግፊቱ ይጨምርና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ወደ ባህር ዳር በአውሮፕላን መምጣት ፈጽሞ አይሆንም። በመኪናም ቢሆን መንገዱን አስቡት፣ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ትወርዱና ከድልድዩ እስከ ደጀን እንደገና ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ሐኪሙ ሰፈራችሁን ስለማያውቅ ቤቴ ዓባይን ተሻግሮ ነው፣ ደጋ ነው፣ ጮቄ ሥር ነው ብላችሁ ራሳችሁ ንገሩት፣ መቼ መጓዝ እንደምትችሉ እሱ ይወስን። መንገድ ላይ ዓይን ክፉኛ ካመመ፣ ካስመለሰ ወይ እይታው ከጨለመ ሽቅብ መውጣቱን ትታችሁ ወደ ታች ተመለሱና ሐኪም ፈልጉ። ጋዙ ሳይጠፋ ለሌላ ሕመም ኦፕራሲዮን የምትደረጉ ከሆነም ለማደንዘዣ ባለሙያው ዓይኔ ውስጥ ጋዝ አለ በሉ፣ አንዱ የማደንዘዣ ጋዝ ያንኑ ችግር ያመጣል።

አተኛኘቱ ከባድ ነው። ቀዳዳው ባለበት ቦታ መሠረት በደረት ወይ በጎን ተኙ ይሏችኋል፣ ለቀናት፣ ሲበሉም አንገት ደፍቶ። አባቴን አንገቱ ሲደክመው ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርገን ግንባሩን እናስደግፈው ነበር። ውኃ ዓይን ውስጥ አይግባ፣ ጸበሉንም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ጠጡት እንጂ ዓይን ላይ አታፍስሱ፣ ስግደትና ሸክምም እንደዛው። ጠብታውን በሰዓቱ፣ ቀጠሮውን በቀኑ፣ ሁለተኛውንም ዓይን አስመርምሩ።

ጋዙ እየቀነሰ ሲሄድ በሽተኛው ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ውኃ የሚወዛወዝ መስመር ያያል፣ አትደንግጡ። አባቴ ዘመድ ቤት ተቀምጦ በየጠዋቱ መስመሩ የት እንደደረሰ ይነግረን ነበር፣ በመጨረሻ ትንሽ ኳስ ሆነች፣ ጠፋች፣ ሐኪሙም አይቶ ሂድ ሲለው ነው ዓባይን የተሻገርነው።