የካሽ ፓች ስትገመግሙ ከመልቀቂያው ጀምሩ

የሊኑክስ ከርነልን (የሲስተሙን እምብርት) ካሽ፣ ማለትም ቶሎ እንዲገኝ በሜሞሪ የሚቀመጥ ነገርን፣ የሚነካ ፓች (የኮድ ለውጥ) ሲደርሳችሁ፣ የተጨመሩትን መስመሮች ከላይ ወደ ታች ከማንበባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ይህን ሜሞሪ ማን፣ መቼ ይለቀዋል? ሜሞሪው የሚያዝበትን ኮድ የፓቹ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ በደንብ አስቦበታል። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ሲፒዩ ለቆት ሌላው ገና እያነበበ ሲገኝ ነው።

ኮዱን ስለማውረድ ጥቂት። ከኮየ ፈጬ ወይም ከለገጣፎ በ4ጂ ራውተር የምትሠሩ ከሆነ፣ ዳታ ለመቆጠብ ብላችሁ በዴፕዝ 1 (የመጨረሻውን ለውጥ ብቻ በሚያመጣው አማራጭ) ክሎን አታድርጉ። ታሪኩ ስለሚቆረጥ ጊት ብሌም (መስመሩ ከየትኛው ለውጥ እንደመጣ የሚያሳየው ትእዛዝ) መስመሩን ሁሉ ለአንድ ኮሚት (ለአንድ የተመዘገበ ለውጥ) ይሰጠዋል፤ «ይህ ሎክ እዚህ ለምን ገባ?» ለሚለው መልስ አታገኙም (ሎክ ሁለት ሲፒዩዎች አንዱን ዳታ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚያግድ መቆለፊያ ነው)። ብሎብ ነን (blob:none) በሚባለው ፊልተር አውርዱ፦ ኮሚቶቹ በሙሉ ይመጣሉ፣ የድሮ ፋይሎች ይዘት ግን ሲፈለግ ብቻ ይወርዳል። መብራት ሄዶ ክሎኑ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ የራውተሩን ባትሪ አስቀድማችሁ አስቡበት።

ፓቹ ኤምኤም ማውጫ ውስጥ የነበረውን ስላብ ነጥብ ሲ (slab.c፣ ለከርነሉ ትንንሽ ሜሞሪ ያድል የነበረ ኮድ) የሚነካ ከሆነ ጊዜ አታጥፉ። ያ ፋይል እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ከርነል 6.8 ላይ ተወግዷል፤ የቀረው ስለብ (SLUB) የተባለው አዳይ ብቻ ነው።

ካሹ ታይፕሴፍ ባይ አርሲዩ በሚለው ፍላግ (ቅንብር) ከተፈጠረ ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። አርሲዩ አንባቢዎች ያለ ሎክ እንዲያነቡ የሚፈቅድ፣ ልቀቱንም እነሱ እስኪጨርሱ የሚያቆይ ዘዴ ነው። ፍላጉ ኦብጀክቱ (ከካሹ የተሰጠው የሜሞሪ ቁራጭ) በአርሲዩ ንባብ ጊዜ ሳይለወጥ ይቆያል ማለት አይደለም፤ ኦብጀክቱ ያለበት የሜሞሪ ገጽ ወደ ሲስተሙ አይመለስም ማለት ብቻ ነው። ኦብጀክቱ ተለቆ ወዲያው ዓይነቱ አንድ ለሆነ ሌላ ሥራ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ አንባቢው ሪፈረንስ (ኦብጀክቱ እንዳይለቀቅ የሚያደርገውን ቆጠራ) ከያዘ በኋላ ቁልፉን (ኦብጀክቱ የተፈለገበትን መለያ) ዳግም ማወዳደር አለበት። የሚያወዳድረው ከመያዙ በፊት ብቻ ከሆነ ፓቹን መልሱት። በፔጅ ካሽም (የፋይል ይዘት በሜሞሪ በሚያዝበት) ነገሩ ያው ነው፦ ፎሊዮው (የገጾች ጥቅሉ) ተገኝቶ ሎክ እስኪያዝ ድረስ ትራንኬት (ፋይሉን የሚያሳጥረው ሥራ) ቀድሞ ሊያወጣው ይችላል። ከሎኩ በኋላ ማፒንጉ (ገጹ የየትኛው ፋይል እንደሆነ የሚያሳየው) ያው መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ሥራው የሚሠራው ከፋይሉ በወጣ ገጽ ላይ ነው። ካሹን የሚያጠፋ ሞጁል ደግሞ በኮል አርሲዩ ለኋላ የተላኩ ልቀቶች እስኪያልቁ በአርሲዩ ባሪየር መጠበቅ አለበት።

ቀጥሎ የጂኤፍፒ ፍላጎች፣ ማለትም ሜሞሪ በምን ሁኔታ እንደሚጠየቅ የሚገልጹት። ስፒንሎክ (ሲያዝ መተኛት የማይፈቀድበት ሎክ) ተይዞ በጂኤፍፒ ከርነል ሜሞሪ መጠየቅ ስህተት ነው፤ ጥያቄው ሊተኛ ይችላል። ክፋቱ፣ ሎኩ በፓቹ ውስጥ ላይታይ ይችላል፤ ኮዱን የሚጠራውን ፈንክሽን፣ ከዚያም የጠሪውን ጠሪ ክፈቱ። የፋይል ሲስተም ኮድ ከሆነ ሜሞሪ ሲያጥር ከርነሉ ተመልሶ ወደዚያው ፋይል ሲስተም ገብቶ የተያዘውን ሎክ እንዳይጠብቅ፣ የኖኤፍኤስ አያያዝ መኖሩን እዩ።

ለሙከራ ካሳንን (የተለቀቀ ሜሞሪ ሲነካ የሚይዘውን)፣ ሎክዴፕን (የሎክ አያያዝ ስህተትን የሚይዘውን) እና ፌይልስላብን አብሩ። ፌይልስላብ የሜሞሪ ጥያቄን ሆን ብሎ ስለሚያከሽፍ ማንም ያልሞከረውን የስህተት መንገድ ያስኬዳል። ካሹ በስላብኢንፎ (የካሾች ዝርዝር ባለበት ፋይል) ላይ ካልታየ አትደናገጡ፤ ስለብ ተመሳሳይ ካሾችን ያዋህዳል፣ ስላብ ኖመርጅ ብላችሁ ቡት አድርጉ። «ፈጠነ» ለሚል ፓች ሲንክ አድርጋችሁ (ያልተጻፈውን ወደ ዲስክ ጽፋችሁ) ካሹን በሚያራግፈው ድሮፕ ካሽስ ፋይል ላይ 3 ጻፉና ከባዶ ካሽ የተለካ ውጤት ጠይቁ።

ዲስክ ላይ መጻፍን የሚነካ ፓች ከሆነ፣ መብራት በድንገት በሚጠፋበት ሰፈር ያለ ሰው ጥያቄውን ያውቀዋል፦ ገና ያልተጻፈው ምን ይሆናል? በነባሪው ቅንብር ፍላሸሩ (የተለወጡ ገጾችን ወደ ዲስክ የሚጽፈው) በየ5 ሰከንዱ ይነቃል፣ የተለወጠ ገጽ ደግሞ 30 ሰከንድ ሲሞላው ለመጻፍ ይደርሳል። ይህን ለመፈተን ቨርቹዋል ማሽኑን በኪል 9 መግደል በቂ አይደለም፤ የእንግዳው (የቨርቹዋል ማሽኑ) ካሽ ይጠፋል፣ የአስተናጋጁ (ማሽኑን የሚያስኬደው ኮምፒውተር) ግን ይቀራል፣ ፍላሽ (ወደ ዲስክ የማስጻፍ ትእዛዝ) የተረሳበት ኮድም ፈተናውን ያልፋል።

አስተያየት ስትጽፉ «ሬስ ያለ ይመስለኛል» (ሲፒዩዎች ሲቀዳደሙ የሚፈጠር ስህተት) ማለት አይበቃም። ሲፒዩ 0 እና ሲፒዩ 1 ብላችሁ በሁለት ዓምድ፣ የትኛው መስመር ከየትኛው ቀድሞ ሲሄድ እንደሚበላሽ በቅደም ተከተል አስቀምጡ።