አማርኛው ሲበላሽባችሁ መጀመሪያ ቅርጹን እዩት

የመጀመሪያ ዌብሳይቴ የሰፈራችን እድር መዝገብ ነበር። እናቴ ከደብተሩ ስም እያነበበችልኝ ስጽፍ ሁለት ምሽት ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን ገጹን ስከፍት ስሙ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆኗል። ደንግጬ ያገኘሁትን ሴቲንግ ሁሉ ስነካካ አመሸሁ። ዛሬ ጀማሪዎች «አማርኛው ተበላሸብኝ» ብለው ሲደውሉልኝ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ምንም ሳትነኩ ንገሩኝ፣ የሚታያችሁ ምንድን ነው? ስህተቱ የት እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ባዶ ሳጥን ከሆነ ተረጋጉ። ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከጉግል ፎንትስ በነጻ ወስዳችሁ ሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ የሚወስነው ፋይል) ውስጥ ካለው የፎንት ዝርዝር ጨምሩት። ስሙ ራሱ ከዚህ ሳጥን የመጣ ነው፤ ባለሙያዎች ሳጥኑን «ቶፉ» ስለሚሉት «ኖ ቶፉ» ለማለት ነው።

የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ትንሽ ማሰብ ይፈልጋል። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ቁጥሮች ነው፤ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በባይት የሚጽፈው የተለመደው ዘዴ ዩቲኤፍ-8 ይባላል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 9 ባይት ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ካነበበው ቃሉ ይበታተናል። የአማርኛ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ስለሆነ፣ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ ኤ (á) በየመሃሉ ትመላለሳለች። እሷን ካያችሁ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ አልጠፋም፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። ኤችቲኤምኤል ፋይሉ ውስጥ ገጹ በየትኛው ዘዴ እንደተጻፈ ለብራውዘሩ የሚነግረው የሜታ ቻርሴት (meta charset) መስመር ዩቲኤፍ-8 ማለቱን እዩ። መስመሩ በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መገኘት ስላለበት ሄድ ታጉ (<head>) እንደተከፈተ አስቀምጡት። ዝብርቅርቁ የታያችሁ ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ የሰንጠረዥ ፋይል) በኤክሴል ስትከፍቱ ከሆነ ደግሞ ደብል ክሊኩን ትታችሁ ዳታ በሚለው ሜኑ አስገቡትና 65001 ዩቲኤፍ-8ን ምረጡ። የተዘበራረቀውን ግን በፍጹም ሴቭ አታድርጉት። ያን ጊዜ ዝብርቅርቁ ራሱ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፣ መፍታቱም ያደክማል።

ጥያቄ ምልክት ከሁሉም የከፋው ነው። በፊደል ልክ አንድ አንድ ጥያቄ ምልክት ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ (መረጃው የሚቀመጥበት ቋት) ፊደሉን ስላላወቀው በምትኩ ምልክቱን መዝግቧል። ከዚያ የሚመለስ ነገር የለም። በዳታቤዙ ውስጥ ስሞቹን የያዘው የእኔ ሰንጠረዥ የተዘጋጀው አማርኛን በማያውቀው ላቲን1 በሚባል ዘዴ ነበር። ከ8.0 በፊት የነበረው ማይኤስኪውኤል፣ ዳታቤዜን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ሌላ ካልነገሩት የሚይዘው እሱን ነው። እናቴ ደብተሩን እንደገና አነበበችልኝ፣ ሌላ ሁለት ምሽት።

መጀመሪያ ባክአፕ ያዙ። ከዚያ ሰንጠረዡን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (utf8mb4)፣ የማይኤስኪውኤል ሙሉ ዩቲኤፍ-8፣ ቀይሩት። የማይኤስኪውኤል አሮጌው «ዩቲኤፍ8» አማርኛን ይይዛል፣ አብዛኛውን ኢሞጂ ግን አይችልም፤ አብዛኛው ኢሞጂ 4 ባይት ይፈልጋል፣ እሱ የሚችለው 3 ነው። ብዙ ጀማሪ ሰንጠረዡን ቀይሮ እዚያው ያቆማል። በሰርቨሩና በዳታቤዙ መካከል ያለው ግንኙነትም በዚያው ቋንቋ ማውራት አለበት። በፒኤችፒ ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ከዳታቤዙ ጋር እንደተገናኛችሁ ወዲያው set_charset በሚለው ትእዛዝ ያንኑ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚለውን ስም ስጡት። ከዚያ አንድ ስም ብቻ አስገቡ፣ ገጹን ዘግታችሁ ክፈቱ፣ አንብቡት። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ያን ሁሉ ስም አልጽፍም ነበር።

ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ ጥያቄ ምልክት ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የምታዩት ባጠረ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ነው፤ ፊደል ለሁለት ተቆርጧል። ጽሑፍ የሚቆርጠው የፒኤችፒ ትእዛዝ ሰብስተር (substr) የሚቆጥረው ባይት ነው። ኤምቢ ሰብስተርን (mb_substr) ተጠቀሙ፣ እሱ በፊደል ይቆጥራል።

አንድ ችግር ግን በዓይን አይታይም። መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላ እናቴ «ሀይሉ» ብላ ፈለገች፤ የለም አላት። ሰውየው የተመዘገበው «ኃይሉ» ተብሎ ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ፊደል። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ዓምድ መጨመር ነው። እዚያ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ። ከነዘራቸው ቀይሩ፤ ሃ፣ ሓ እና ኃንም ወደ ሀ አምጧቸው። ፈላጊው የጻፈውንም እንዲሁ ለውጣችሁ አነጻጽሩ። ዋናውን የስም ዓምድ ግን አትንኩት፤ ሰውየው ስሙን በኃ ከጻፈ ገጹ ላይም በኃ ይውጣለት።