የውሻን ትልና ቁንጫ እንዴት መለየት፣ ማከምና መከላከል እንደሚቻል

በወሎ ደጋ፣ ከጉጉፍቱ እስከ ደላንታ፣ በግ የሚያረባ ሰው «አዙሪት» የሚባለውን በሽታ ያውቀዋል። የታመመው በግ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዞ በቆመበት ይዞራል፤ ከመንጋው ተነጥሎም ይቀራል። በአንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ይህ ከረጢት የሚፈጠረው በጉ ከውሻ ኩስ የወጣ የኮሶ ትል እንቁላል ከሣር ጋር ሲበላ ሲሆን፣ ውሻውም ትሉን የሚያገኘው እንዲህ የታመመ በግ ጭንቅላት ሲጣልለት ነው። ስለዚህ ውሻውን የሚያክም ሰው መንጋውንም ቤተሰቡንም እየጠበቀ ነው።

በመጀመሪያ ውሻውን ፀሐይ ላይ አቁመው በእርጋታ ይመርምሩት። ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይዩ፤ ድዱ ከነጣና ኩሱ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል ሊኖር ይችላል። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው ውስጡን ይመልከቱ። በፊንጢጣው ዙሪያ ወይም በሚተኛበት ጆንያ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካገኙ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። ሆዱ የተነፋና ፀጉሩ የደበዘዘ ቡችላ ብዙ ጊዜ ወስፋት አለበት፤ ወስፋት ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ይተላለፍበታልና። ከጭራው ሥር ባለው ፀጉር ውስጥ ጥቁር ፍርፋሪ ካዩ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ያራግፉት፤ ዙሪያው ከቀላ የቁንጫ ኩስ ነው። የጆሮው ጫፍና ክርኑ ተመልጦ ያለ ዕረፍት የሚያክ ውሻ ደግሞ እከክ ሊኖርበት ስለሚችል ወደ ሐኪም ይወሰድ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት ሳይታወቅ እያደገ በመጨረሻ ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ የውሃ ከረጢት የሚያስከትለው ትንሽ የኮሶ ትል ዓይነት፣ በውሻው አንጀት ውስጥ ርዝመቱ ከ7 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ በኩሱ ላይ በዓይን አይለይም፤ ውሻውም ጤነኛ መስሎ ይኖራል። ውሻዬ ወፍሯል ብሎ መድኃኒቱን መተው ትልቅ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ ክብደቱን ይለኩ። ውሻውን ታቅፈው ሚዛን ላይ ይቁሙ፣ ከዚያ ብቻዎን ቆመው ልዩነቱን ይያዙ። ለኮሶ ትል የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ሲሆን መጠኑ ለ1 ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 100 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ለበግ የተገዛውን አልቤንዳዞል ቆርሶ ለውሻ የሚሰጥ አለ፤ ለዚህ ለትንሹ ትል ግን አይታመንም። ለወስፋትና ለደም መጣጩ ትል ፒራንቴል ወይም ፌንቤንዳዞል ያገለግላል፤ መጠኑንና የሚሰጥበትን ቀን ሐኪሙ ይወስን። ቡችሎች ከተወለዱ በ2ኛው ሳምንት ጀምረው እስከ 8ኛው ሳምንት በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያም እስከ 6 ወር ድረስ በየወሩ ይውሰዱ፤ የምታጠባው እናትም አብራ ትታከም። የዕርድ ተረፈ ምርት የሚያገኝ ትልቅ ውሻ ፕራዚኳንቴል በየ6 ሳምንቱ ቢሰጠው ይመረጣል፤ ትንሹ ትል እንቁላል ለመጣል የሚደርሰው በዚያው ጊዜ ገደማ ነውና። መድኃኒቱ የትሉን እንቁላል ስለማይገድል ውሻውን 2 ቀን አስረው ያቆዩት፣ ኩሱንም ሰብስበው ያቃጥሉ ወይም በጥልቀት ይቅበሩ፤ ከዚያ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ቁንጫን በተመለከተ ውሻውን ማጠብ ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላሉና እጩ የሚገኙት በአብዛኛው በመኝታውና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጆንያውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው ፀሐይ ላይ ያስጡ፣ ወለሉን በየጊዜው ይጥረጉ። መዥገር እንደ ከሚሴና ቆቦ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች ይበረታል፤ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉት እንጂ በእሳት አይለብልቡት። ሽንቱ ከቀላና ትኩሳት ካለው ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰዱት። የሰብል ተባይ መርጫ በውሻ ገላ ላይ ፈጽሞ አይቀባም፤ ውሻውንም ልጆችንም ይመርዛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የበዓል ዕለት የታረደው በግ ሳንባ ጥሬውን ከተወረወረለት ድካሙ ከንቱ ነው። ሳንባውንና ጉበቱን ሲከፍቱ ነጣ ያለ፣ ውሃ የሞላ ከረጢት ከታየ ወይም በጉ በአዙሪት የታረደ ከሆነ፣ ያንን አካልና ጭንቅላቱን ውሻ ቆፍሮ ሊያወጣው በማይችል ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ፤ ላዩንም በድንጋይ ይጫኑ። ደህና የሚመስለውንም ቢሆን ቆራርጠው ቢያንስ 30 ደቂቃ አፍልተው ይስጡት፤ ውሻውም ድርሻውን አያጣም። በወሎ ፋሲካና አረፋ በአንድ መንደር ስለሚከበሩ፣ የጎረቤት ውሻ የእርስዎን ግቢ፣ የእርስዎም የጎረቤትን ስለሚያስስ፣ ጎረቤቶች ተነጋግረው አንድ የጋራ ጉድጓድ ከዕርዱ በፊት ዋዜማውን ቢያስቆፍሩ ይሻላል።