የአነስተኛ ትራክተር መሪ ሲከብድ፦ ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት

ሰኔ ግም ሲል በቆቦ ሜዳ ትራክተር ከማለዳ እስከ ማታ አያርፍም። ልክ በዚያ ሰሞን መሪው ሲጠነክር ሁሉም ቀድሞ የሚለው «ፓምፑ ሞቷል» ነው፤ ፓምፑ ዘይት በግፊት እየላከ መሪውን የሚያቀልለው ነው። እኔም አንድ ዓመት ይህንኑ ብዬ ከደሴ ፓምፕ አስመጣሁ፤ ሦስት የእርሻ ቀን ከባከነ በኋላ ጥፋቱ በቆሻሻ የታፈነ ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ፓምፑን መጨረሻ ላይ ያስቀምጡት።

በመጀመሪያ ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፤ ማረሻውን መሬት ያስነኩ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ። የፊት ጎማ ንፋስ ከጎደለው ጤነኛ መሪም ይከብዳልና በመመሪያው መጽሐፍ ልክ ይሙሉት።

ቀጥሎ ፊቱን በክሪክ አንስተው ከአክሱ ሥር ጠንካራ ግንድ ያስገቡ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። የመሪውን ሲሊንደር (በዘይት ግፊት ጎማዎቹን የሚያዞረውን) አላቀው ጎማዎቹን በእጅ ወዲያና ወዲህ ይግፉ። እንቢ ካሉ ችግሩ ከዘይቱ አይደለም፤ ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ደርቋል ወይም ቴስቲናው (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ዝጓል። የዋልካ ጭቃ እዚያ ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። አሮጌው ግራሶ ከነጭቃው እስኪወጣ ድረስ አዲስ ይግፉበት።

ጎማዎቹ በቀላሉ ከዞሩ ሲሊንደሩን መልሰው ይግጠሙና ዘይቱን ይዩ። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ አረፋ ከያዘ አየር እየሳበ ነው፤ ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው ከመጠን በላይ ሞቋል። በብዙ አነስተኛ ትራክተሮች የመሪውና የካምቢዮው ዘይት አንድ ስለሆነ መመሪያው ያዘዘውን ዓይነት ብቻ ይጨምሩ። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽጉትን ጎሚኒዎች ያበላሻል። ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ቱቦ ማሰሪያም ያጥብቁ። እዚያ ጋ የላላ ቱቦ ዘይት ሳያንጠባጥብ አየር ሊስብ ይችላል፤ ፓምፑ የሚያፏጨውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ፓምፑ በቺንጋ የሚሠራ ከሆነ ቺንጋው አለመላላቱን ይዩ።

አሁን የምለውን እባክዎ ልብ ይበሉ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚያፈስ ቱቦ በእጅዎ አይፈልጉ። ግፊቱ ከ100 ባር በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ካርቶን በእንጨት ጫፍ አስረው ያስጠጉ፤ ዘይቱ ካርቶኑ ላይ ይታያል። ሰው ከተወጋ ቁስሉ ኢምንት ቢመስልም ያኔውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ከዘገየ እጁን ሊያጣ ይችላል።

ቀጥሎ አየሩን ያስወጡ። የፊት ጎማዎቹ እንደተነሱ ሞተሩን በዝግታ አሠርተው መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው አሥር ጊዜ ያህል ያዙሩ። ጫፍ ላይ ደርሶ መያዝ ዘይቱን ያሞቃልና ወዲያው ይመልሱ። ሞተሩን አጥፍተው አረፋው ሲረጋ ዘይቱን እንደገና ይለኩ።

ጎማው ጫፍ ደርሶ መሪው በእጅዎ ቀስ እያለ መዞሩን ከቀጠለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሲሊንደሩ የውስጥ ጎሚኒ ነው፤ እርሱን መቀየር ከፓምፕ እጅግ ይረክሳል። ይህም ሁሉ ተሠርቶ ከከበደ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ይፈልጉ። ያለ መለኪያ የግፊት መቆጣጠሪያውን ብሎን አያጥብቁ፤ ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል።