የፀሐይን ነጠብጣቦች ከቤታችሁ ሰገነት ላይ ፎቶ ለማንሳት

አራት ኪሎ አካባቢ ካለ ፎቅ ሰገነት ላይ ሆኜ ጠዋት ጠዋት ፀሐይን ፎቶ አነሳለሁ። ያለኝ ካሜራ፣ የ300 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ትራይፖድና የፀሐይ ፊልም፣ ማለትም ከሌንስ ፊት ተደርጎ የፀሐይን ብርሃን የሚቀንስ ስስ ሉህ፣ ነው። ፀሐይ ላይ ጥቁር ሆነው የሚታዩትን ትልልቆቹን ነጠብጣቦች ለማሳየት ይበቃል።

ከሁሉም በፊት ፊልሙ። ለዓይን የሚሆነው 5.0 የተጻፈበት ነው፤ ከመቶ ሺህ አንዱን እጅ ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። 3.8 የሚለው ለፎቶ ብቻ ስለሆነ ተጠንቀቁ። ውጭ አገር የሚመላለስ ዘመድ ካላችሁ አስመጡ፤ አንድ ኤ4 ሉህ ለበርካታ ሌንስ ይሆናል። ኤክስሬይ ወይም በጭስ የጠቆረ ብርጭቆ በፍጹም አይሆንም። ረቲና፣ ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል፣ ሕመም አይሰማውም፤ ሲቃጠልም አታውቁትም።

ከካርቶን ሌንሱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ቀለበት ሥሩ። ፊልሙን ሳትወጥሩ በሁለት በኩል በሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፉበት። ቢጨማደድ ችግር የለውም። ከዚያ ወደ አምፖል አቅንታችሁ እዩት፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ካበራች ጣሉት። ቀለበቱ የሚገባው ከሌንሱ ፊት ነው። ከኋላ፣ በዓይን በኩል የተደረገ ማጣሪያ የተሰበሰበው ሙቀት ያበላሸዋል። የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በካሜራ ወይም በባይኖኩላር ማየትም ያው አደጋ ነው። በመጨረሻ ቀለበቱን ከሌንሱ ጋር በፕላስተር እሰሩት። አንድ የካቲት ጠዋት ነፋስ የእኔን ገልጦት ነበር። ዓይኔ ካሜራው ላይ ስላልነበረ ተረፍኩ።

ሰዓቱ ከሌንሱ ያላነሰ ዋጋ አለው። የከተማችን ቆርቆሮ ጣሪያና አስፋልት ሲግል አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ የፀሐይ ጠርዝም እንደ ፈላ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ አንሱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ለዚህ የተሠራ ይመስላል።

ካሜራውን ስታነጣጥሩ ፀሐይን በዓይናችሁ አትፈልጉ። የሌንሱን ጥላ ተመልከቱ፤ ጥላው እጅግ ሲያጥር ደርሳችኋል። ከዚያ በስክሪኑ እዩ። ፎከሱን በእጅ አድርጉ፤ ምስሉን አጉልታችሁ የፀሐይ ጠርዝ እንደ ምላጭ እስኪስል ድረስ አስተካክሉ። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8፣ ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ፀሐይዋ ከነጣች ፍጥነቱን ጨምሩ። እጃችሁ እንዳያንቀጠቅጠው በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱ፤ ደግሞ ብዙ አንሱ። ከሃያው አንዱ አየሩ ረጋ ባለበት ቅጽበት ይገጥማል።

300 ሚሊሜትር ላይ ፀሐይ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ የምታርፈው 3 ሚሊሜትር እንኳ ሳትሞላ ነው። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ስታጎሉት ጥቁር ነጥብ ካገኛችሁ ቶሎ አትደሰቱ፤ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ሊሆን ይችላል። ፀሐይዋን ወደ ሌላ የፍሬሙ ጥግ አዙራችሁ ድገሙ። ነጥቡ ፍሬሙ ላይ በቦታው ከቀረ አቧራ ነው። ፀሐይዋን ተከትሎ ከሄደ ግን እውነተኛ ነጠብጣብ ይዛችኋል። ጥቁር የመሰለው ከአካባቢው ስለቀዘቀዘ ነው፤ እንዲያም ሆኖ በሺዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይሞቃል። ትልልቆቹ መሬትን ይውጣሉ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት አንሱና ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጉ። ፀሐይ ስለምትሽከረከር ነጠብጣቡ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ታገኙታላችሁ። ሳይከስም ከቆየ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመሻገር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል።